አንጀት ጨጓራ አይደለም፦ በሆድ በኩል ስለሚገባው የመመገቢያ ቱቦ

(በደብረ ብርሃን ከተማ ለዕድር አባላት፣ ለአስታማሚዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞችና አባላት፣ ከየወረዳው የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ተማሪዎች፣ ይልቁንም ደግሞ ቤታችሁ በቱቦ የሚመገብ ሕመምተኛ እያለ ተራችሁን ለጎረቤት ሰጥታችሁ የመጣችሁ አስታማሚዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዚህ ብርድ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

እኔ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ስለሆነ፣ ሕመምተኛ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ገጠር ቤቱ ሲመለስ ምን ዓይነት ቤት፣ ምን ዓይነት ምድጃና ምን ዓይነት ምክር እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በቀዶ ሕክምና ትንሹ አንጀት ላይ ስለሚገባው የመመገቢያ ቱቦ ነው። ሐኪሞቹ ጀጁኖስቶሚ ይሉታል። አገሩ ግን «ጎማ» ይለዋል። «ሆዱ ተቀዶ ጎማ ገባበት፤ እንግዲህ ምን ቀረው?» ሲባል ስንቴ ሰምታችኋል? ይህ ንግግር ሕመምተኛው በር ላይ ሳይደርስ ቀድሞት ቤት ይገባል። እኔ ግን በዚህ ቱቦ ከሞት ተርፈው፣ ቱቦው ወጥቶላቸው፣ ዛሬ እንጀራ የሚበሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ሕመማቸው የማይድን ሆኖ የቀራቸውን ጊዜ በረሃብ ሳይሆን በአቅም ያሳለፉትንም አውቃለሁ።

በሦስት ነገሮች ላይ እናገራለሁ። አንደኛ፣ ቱቦው ለማንና እንዴት እንደሚገባ። ሁለተኛ፣ አንጀት ከጨጓራ በምን እንደሚለይ። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ችግር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ የሚበላሸው ነገር አብዛኛው ከዚያ ይመነጫል።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። የምንበላው ምግብ ከአፍ በምግብ ቧንቧ ወርዶ ጨጓራ ይገባል። ከጨጓራ ሲወጣ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ወዳለው ዱኦደነም ይደርሳል፤ እዚያ ከሐሞት ከረጢትና ከቆሽት የሚመጡት ፈሳሾች ይቀላቀሉታል። ከዚያ ጀጁነም፣ ቀጥሎም ኢሊየም የሚባሉት የትንሹ አንጀት ክፍሎች አሉ። ትንሹ አንጀት በአዋቂ ሰው ተዘርግቶ ቢለካ 6 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ከላይ ያለው መንገድ ሲዘጋ፣ ከታች ያለው ይህ ሁሉ ርዝመት ጤነኛ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ቱቦው የሚገባው ይህንን ጤነኛ ክፍል ሥራ ለማስያዝ ነው።

መንገዱን የሚዘጋው ምንድን ነው? በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው፣ እዚህም የማናጣው የምግብ ቧንቧ ካንሰር አለ። የጨጓራ ካንሰር አለ። ለዓመታት በደንብ ሳይታከም የቆየ የጨጓራ ቁስለት መውጫውን በጠባሳ አጥብቦ ይዘጋዋል፤ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ የበላውን ከሰዓታት በኋላ እንዳለ ያስመልሰዋል። በረኪናና ከዚያም የባሱ የሚያቃጥሉ ኬሚካሎችን ሕፃናት ውኃ መስሏቸው ይጠጣሉ፤ አዋቂዎችም በተስፋ መቁረጥ ይጠጣሉ። እባካችሁ፣ በረኪና በውኃና በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ይህንን ለመናገር ሌላ ስብሰባ አልጠብቅም።

«ታዲያ በአፍንጫ ለምን አይገባም?» ትሉኝ ይሆናል። ይገባል፤ ነገር ግን የአፍንጫው ቱቦ ለጥቂት ሳምንታት እንጂ ለወራት የሚሆን አይደለም፤ የምግብ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋም አያልፍም። «ጨጓራ ላይ ለምን አይደረግም?» ጨጓራው ደኅና ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይደረጋል። ጨጓራው ራሱ ከታመመ፣ መውጫው ከተዘጋ ወይም ተቆርጦ ከወጣ ግን አይሆንም። ከዚህም ሌላ፣ የታመመው የምግብ ቧንቧ ተቆርጦ ሲወጣ ሐኪሞች ጨጓራውን ወደ ላይ ስበው በቦታው ስለሚተኩት፣ ለዚያ ቀዶ ሕክምና የታሰበን ጨጓራ አስቀድሞ መብሳት አይፈልጉም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉ የበለጠ የምሰማው ነው፦ «ጉሉኮስ ለምን አይሰጠውም?» ወገኖቼ፣ ጉሉኮስ ምግብ አይደለም። በተለመደው 5 በመቶ ጉሉኮስ፣ በአንድ ሊትሩ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ጉልበቱም 200 ካሎሪ አይሞላም። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ1,250 እስከ 1,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ከዚያም ሌላ ሥጋውን የሚጠግን ፕሮቲን ይፈልጋል። ስለዚህ በጉሉኮስ ብቻ ለሳምንታት የሰነበተ ሰው ክንዱ ላይ መርፌ ተተክሎለት እየተራበ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሐኪሙ ሆድን ከፍቶ ጀጁነም የሚጀምርበትን ቦታ ያገኛል፤ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ አንጀቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያበጃል፤ ቱቦውን ምግቡ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያስገባና ዙሪያውን በስፌት ይሰበስበዋል። ቀጥሎ የአንጀቱን ግድግዳ በቱቦው ላይ አጥፎ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋዋል፤ ቱቦው በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚያልፍ የአንጀት ፈሳሽ በቀላሉ አያፈተልክም። ይህንን ስፌት ጀርመናዊው ሐኪም ዊትዘል በ1891 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ለጨጓራ ነበር፤ በኋላ ለአንጀትም ዋለ። በመጨረሻ አንጀቱ ከሆድ ግድግዳ ጋር ከውስጥ ይሰፋል፣ ቱቦውም ብዙውን ጊዜ ከእንብርት በላይ በግራ በኩል ይወጣል። ለዚሁ የተሠራ ቱቦ በማይገኝበት ቦታ ለሽንት የሚውለው ቱቦ ያገለግላል። እዚህ ላይ የጤና ባለሙያዎች ልብ በሉልኝ፦ በዚያ ቱቦ ጫፍ ያለውን ፊኛ አንጀት ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ አትንፉት። አንጀት ጠባብ ነው፤ ፊኛው ይዘጋዋል።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ፤ ከብት ለሚያረባ አገር ሰው የሚሆን ታሪክ አለኝ። በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በቦን ከተማ ቡሽ የሚባል ሐኪም አንዲትን ሴት አከመ። ሴቲቱን ኮርማ ወግቷት ሆዷ ላይ ወደ ትንሹ አንጀት የሚያስገባ ቀዳዳ ቀርቶባት ነበር፤ የምትበላው ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ይወጣል፣ እየበላችም በረሃብ መነመነች። ሐኪሙ ምግቡን ከቀዳዳው በታች ወዳለው አንጀት ቢያስገባላት ሰውነቷ እየተመለሰ መጣ። ሰው በአፉ የበላው ሳይደርሰው፣ በአንጀቱ በኩል በተሰጠው ምግብ ሊያገግም እንደሚችል ያሳየው አንድ የኮርማ ቀንድ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል፤ ግን አይረሳውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እመለሳለሁ። አንጀት ጨጓራ አይደለም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ አንጀት ጨጓራ አይደለም።

ጨጓራ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል፤ የያዘውንም በአንድ ጊዜ አይለቅም። ወፍጮ ቤት የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እህሉ ከላይ ያለው ሣጥን ውስጥ ይፈስሳል፤ ድንጋዩ ላይ የሚደርሰው ግን በጥቂት በጥቂቱ ነው። ጨጓራ ያ ሣጥን ነው። እኛ ደግሞ በቱቦው በኩል ሣጥኑን ዘለን ድንጋዩ ላይ እያፈሰስን ነው። ታዲያ ሙሉ ጆንያ ብንገለብጥበት ምን ይሆናል?

አንድ አባት ነበሩ። ልጆቻቸው ደጎች ናቸው፤ እንደነሱ ያለ አስታማሚ ብዙ አላየሁም። ቤት በገቡ ማግሥት «አባታችን ስንት ጊዜ ጾሙን አድረዋል» ብለው ስኳር የበዛበት ወተት በትልቅ ሲሪንጅ ግማሽ ሊትር ያህል አከታትለው ገፉላቸው። ሽማግሌው ላብ አጠመቃቸው፣ ልባቸው መታ፣ ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ ከዚያም ተቅማጥ ያዛቸው። ቤተሰቡ «ጎማው አልተስማማቸውም» ብሎ ምግቡን ጨርሶ አቆመ። ጎማው ምን አደረገ? የበዛ ስኳር ያለው ፈሳሽ ባንድ ጊዜ አንጀት ውስጥ ሲገባ ከሰውነት ውኃ ይስባል፤ አንጀቱም ይወጠራል። መጠኑን አሳንሰን፣ ፍጥነቱን ቀንሰን ስንጀምርላቸው ያው ቱቦ፣ ያው ወተት ተስማማቸው።

ስለዚህ በአንጀት ቱቦ የሚሰጥ ምግብ ይንጠባጠባል እንጂ አይገለበጥም። ሆስፒታል ውስጥ ስንጀምር በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር እንሰጥና ሕመምተኛው እየቻለ ሲሄድ እንጨምራለን። በተለመደው ማንጠብጠቢያ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ በደቂቃ 20 ጠብታ ከወረደ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። ሰዓት ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ይቁጠር። የቀኑ ምግብ አንድ ሊትር ተኩል ከሆነ ቀኑን ሙሉና ሌሊቱንም ጨምሮ ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ስንፍና ሳይሆን የአንጀት ልክ ነው። ሕመምተኛው ምግቡ ሲወርድ ጋደም ቢልም ከወገቡ በላይ ቀና ይበል። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ፦ ማንጠብጠቢያው የጉሉኮስ ዓይነት ስለሆነ፣ ክንዱ ላይ የደም ሥር መርፌ ባለበት ሰው ላይ መስመሮቹ እንዳይቀያየሩ የምግቡን ማንጠብጠቢያ በደማቅ ፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ምግብ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ይገድላል።

ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር ካምፖች የወጡ በረሃብ የተጎዱ ሰዎች፣ ምግብ ካገኙ በኋላ በቀናት ውስጥ የሞቱ ነበሩ። የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ከደሙ ወደ ሴሎች ይገቡና በደም ውስጥ ያለው መጠናቸው ይወርዳል፤ ልብም ይደክማል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆስፒታል ውስጥ ደም እየመረመርን፣ ቫይታሚን ቢ ዋንን አስቀድመን እየሰጠን የምናዘግመው ለዚህ ነው። «አስተኝታችሁ አስራባችሁት» ብላችሁ አትቆጡን።

አንጀት ከጨጓራ የሚለይበት ሌላው ነገር አሲድ ነው። ጨጓራ ከምግብ ጋር የሚገባውን ብዙውን ጀርም በአሲዱ ይገድላል፤ አንጀት ያ መከላከያ የለውም። በአፍ ቢጠጣ ምንም የማያደርግ ውኃ በቱቦ ሲገባ ሊያሳምም ይችላል። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሲሪንጁና ማንጠብጠቢያው በየጊዜው ይጽዱ። የተዘጋጀው ምግብ ለሰዓታት ተንጠልጥሎ አይዋል፤ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ይንጠልጠል። ወተት ሳይፈላ አይግባ፤ የወተት አገር ሰዎች ስለሆንን ጥሬውን መጠጣት ልማዳችን ነው፣ በቱቦ ግን በፍጹም።

ውኃ ማፍላትን በተመለከተ የእኛ አገር ልዩ ነገር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ ሰው ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ማቆየት አለበት። ለሸዋ ሮቢት ሰው አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ የመንዝና የአንኮበር ደጋ ሰው ግን ማገዶ ይጨምር።

ስለ ጠበል መጠየቃችሁ አይቀርም፤ ሁሌም ትጠይቁኛላችሁ። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደው ጠበል ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች «በጎማው እንስጠው ወይ?» ይሉኛል። እኔም አማኝ ነኝ። ሕመምተኛው መዋጥ ከቻለና ሐኪሙ ከፈቀደ በአፉ ይቅመስ፤ ካልቻለ ቁስሉ ተሸፍኖ ይረጭ። በቱቦው የሚገባው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ብቻ ነው፤ ጠበል ይፈላል ወይስ አይፈላም የሚለውን ካህኑን ጠይቁ እንጂ እኔን አትጠይቁኝ። የጾሙም ጉዳይ እንደዚሁ የንስሐ አባት ጉዳይ ነው። እኔ ያገኘኋቸው ካህናት ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ወተት ሲፈቅዱ ነው ያየሁት፤ ሆኖም ሕመምተኛው ራሱ ኅሊናው እምቢ ካለው አትጨቃጨቁት፣ በአኩሪ አተር የተዘጋጀ ምግብ ይቻል እንደሆነ የሥነ ምግብ ባለሙያውን ጠይቁ። ቱቦውን ዘግቶ ሁዳዴን መጾም ግን ጾም አይደለም።

የቀረው የቱቦው ቅጥነት ነው። የአንጀት ቱቦ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይደፈናል። ከምግብ በፊትና በኋላ፣ ከመድኃኒት በፊትና በኋላ፣ ምግቡ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ከሆነም በየ4 ሰዓቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ ይግባበት። አጥሚትም ሆነ ሾርባ ከተፈቀደ በጣም ቀጥኖና በጥሩ ማጥለያ ተጠልሎ ነው፤ «ወፈር ይበልለት» የሚለው ፍቅር ቱቦ ይደፍናል። ክኒን ከመፍጨታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ቀስ እያሉ እንዲሟሙ ወይም አንጀት ደርሰው እንዲሟሙ ተሸፍነው የተሠሩ ክኒኖች አይፈጩም። የተደፈነን ቱቦ በሽቦ አትውጉ። ለስላሳም አትጨምሩበት፤ አሲዱ ወተቱን ያረጋውና ይብስበታል። ለብ ያለ ውኃ በቀስታ ገፋ መለስ አድርጉ፤ ካልሆነ ወደ እኛ ኑ።

ሦስተኛው ነጥብ አጭር ነው፤ ነገር ግን ሕይወት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ቢወጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ከአንኮበር በረሃማው ወገን የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሌሊት ሲገላበጡ ቱቦው ወጣ። ባለቤታቸው ቱቦውን አጥበው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ «ገበያ ቀን መኪና ሲገኝ እንወስዳለን» ብለው አስቀመጡት። ገበያው ቀን ሲደርስ ቀዳዳው ተዘግቶ ነበር፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና አስፈለገ። ሰውዬው ክፉ አላደረጉም፤ ቀዳዳው እንደሚዘጋ ማን ነገራቸው? ዛሬ እኔ ነገርኳችሁ። ቱቦው ከወጣ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል። በንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ምንም አትመግቡ፤ ራሳችሁ መልሳችሁ አትክተቱት፤ መጠኑ እንዲታወቅ የወጣውን ቱቦ ይዛችሁ በዚያው ቀን ኑ። ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ አንድ ወር ያልሞላው ከሆነ ደግሞ የአንጀት ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ሊፈስስ ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን አይታደር። ዕድሮች፣ ለቀብር ድንኳን የምንሰጠውን ያህል ለአንድ ሌሊት መኪና ብንሰጥ ምናለበት? ከመሐል ሜዳና ከአለም ከተማ የመጣችሁ ዳኞች ይህንን በስብሰባችሁ አንሡት።

ቱቦው እንደተመለሰም በኤክስሬይ ቦታው ሳይታይ ምግብ አይጀመርም። እንዳይወጣ ደግሞ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱ ከራቀ ወይም ከገባ ምግብ ሳትሰጡ ጠይቁ። ዙሪያው ቢፈስስ የአንጀት ፈሳሽ ቆዳን ስለሚልጥ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ዚንክ ያለበት ቅባት ይረዳል። ሆድ ከተነፋ፣ ብርቱ ቁርጠት ከያዘው፣ ካስመለሰው ወይም ካተኮሰው ምግቡን አቁማችሁ ወደ ሆስፒታል አምጡት። አንጀቱ ሊታጠፍ ወይም ሊዘጋ ይችላል፤ ይህ ቤት ተቀምጦ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ላክል፤ ከሕክምናው ወጣ ያለ ይመስላል፣ አይደለም። በቱቦ የሚመገበውን ሰው ጓዳ አስተኝታችሁ እናንተ ሳሎን አትብሉ። ብዙዎቹ «ምግብ እያየ ይሠቃያል» ብላችሁ በደግነት ነው የምታደርጉት። እስቲ ራሱን ጠይቁት። አንዳንዱ የቡናውን ሽታ ይጠላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የናፈቀው ማዕዱ ሳይሆን ወሬው ነው። አፉንም አትርሱ፤ የማይበላ አፍ ቶሎ ይቆስላል፣ ጠዋትና ማታ በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ይጽዳ።

ቱቦው መቼ ይወጣል? ሕመሙ የሚድን ከሆነ፣ በአፉ በበቂ መጠን እየበላ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም፤ ክሊኒክ ውስጥ ይወጣና ቀዳዳው በቀናት ውስጥ ራሱ ይዘጋል። ካንሰሩ የማይድን ከሆነ ይቆያል፤ ይህንንም ለቤተሰቡ ሳንሸፋፍን መናገር አለብን፤ የእኛ ሥራ ነው።

በቃሁ። ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ቱቦ፣ ሲሪንጅ፣ ማንጠብጠቢያና የፈላ ውኃ አስቀምጠናል። በቅድሚያ ቤታቸው ሕመምተኛ ያለባቸው ይምጡና በገዛ እጃቸው 30 ሚሊ ሊትር ለክተው ይግፉ፤ ጠብታውንም በሰዓት ይቁጠሩ። ቀጥሎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። ተማሪዎቹ መጨረሻ ላይ ትመጣላችሁ፤ እናንተ እኛ ጋ ሌላ ቀንም አላችሁ።